የኩርፊያው ቁልፍ

ደባርቅ ውስጥ ደርቤን የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ ዛሬ ከጎንደር አውቶቡስ የወረደ መንገደኛ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ሳይመሽ ያውቀዋል። ደርቤ ዝግ ብሎ መናገር አልፈጠረበትም፤ ሰላም ሲል ይጮኻል፣ ሲመርቅ ይጮኻል፣ ቤተ ክርስቲያን ቁሞ «እግዚኦ» ሲል ዲያቆናቱ ዘወር ብለው ያዩታል። ዕድሜውን የፈጀው ከበቅሎ ኋላ ነው። የአገር ጎብኚውን ድንኳንና ድስት ጭኖ በሰሜን ተራሮች ከደባርቅ ሳንቃበር፣ ከሳንቃበር ጨነቅ ሲመላለስ ጸጉሩ ነጣ፣ ጉልበቱ ዛለ። ዛሬ በቅሎውን ለልጁ ትቶ ከደጁ ፀሐይ እየሞቀ መጫኛ ይገምዳል። ጉሮሮው ግን አልደከመም።

ይህ ሰው ከፋሲካ ቀጥሎ የሚወደው ቀን ኅዳር ሚካኤል ነበር። የበቅሎ ነጂዎች ማኅበር ሣጥኑን የሚከፍትበት ቀን ነዋ! «ወይ ያ ጊዜ!» ይላል ዛሬም፣ መጫኛውን ከጭኑ ላይ አሳርፎ። እኔም ይህን የምነግራችሁ ያን ጊዜ ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ ያን ጊዜ እንዴት አድርገን እንዳጣነው ላሳያችሁ ነው። እናንተም ዕድር አላችሁ፣ ዕቁብ አላችሁ፣ የሠራተኛ ማኅበር አላችሁ፤ እስቲ ስሙኝ።

ማኅበሩን ያቆመው ሰይፈ ሥላሴ የሚባል፣ ዳዊት ደጋሚና ቀልደኛ ሽማግሌ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና። ደንቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ነጂ ከጉዞ ሲመለስ ካገኘው ላይ ጥቂት ያዋጣል። በቅሎ ገደል የገባችበት፣ የታመመ ወይም የሞተ እንደ ሆነ ከዚያው ይወጣለታል። ገንዘቡ ባንክ ይቀመጥ ያሉ ነበሩ። ሰይፈ ሥላሴ ግን «ባንክ እሑድ ይዘጋል፤ በቅሎ እሑድም ገደል ትገባለች» ብሎ አሳቃቸውና ከዋንዛ ሣጥን አሠርቶ ሦስት ጓጉንቸር አስገጠመበት። ሣጥኑ ከገንዘብ ያዡ ቤት ይቀመጣል። አንዱን ቁልፍ ሊቀ መንበሩ፣ ማለት ሰይፈ ሥላሴ ራሱ፣ አንዱን ገንዘብ ያዡ ይይዛል። ሦስተኛውን ማን ይያዘው ሲባል፣ ሰይፈ ሥላሴ ጺሙን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና፣

«ከገንዘብ ያዡ ጋር የተኮራረፈ ሰው ይያዘው» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። «ምን ያስቃችኋል? ወዳጅ ለወዳጁ ዐይኑን ይጨፍናል። የተኮራረፈ ሰው ግን አንዲት ሳንቲም ብትጎድል እንቅልፍ አይወስደውም» አለ። ሲያስቡት እውነት ሆነባቸውና ደንብ አድርገው ያዙት።

የተኮራረፈ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ገንዘብ ያዥ ሆኖ የተመረጠው ሃብተ ጊዮርጊስ ነበር፤ እጁ ንጹሕ፣ አንደበቱ ለስላሳ፣ «እምቢ» የምትል ቃል ከአፉ የማትወጣ ሰው። ደርቤ ደግሞ ከሃብተ ጊዮርጊስ ጋር ሰላምታ ካቆመ ቆይቷል። ነገሩ የተራ ጉዳይ ነው። ሃብተ ጊዮርጊስ ተራ አስከባሪ ሳለ አንድ አስጎብኚ «እባክህ የዚያን ልጅ በቅሎ ስጠኝ» ብሎ ቢለምነው፣ እምቢ ማለት ቸግሮት ሰጠው፤ ተራው ግን የደርቤ ነበር። የደርቤ በቅሎ እንደ ተጫነች ቁማ ዋለች። ደርቤም «ካሁን ወዲያ ያን ሰውዬ ሰላም ብለው ምላሴ ይቆረጥ!» ብሎ ማለ። ምላሱን ስለሚወዳት መሓላውን ጠበቀ።

ታዲያ በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል፣ ጸበል ጻዲቁ ከተቀመሰ በኋላ፣ በሰይፈ ሥላሴ ግቢ ከትልቁ ጽድ ሥር ሣጥኑ ይወጣል። ሰይፈ ሥላሴ መነጽሩን ያደርግና ይቆማል።

«ከገንዘብ ያዡ ጋር የተኮራረፈ ማነው?»

«ደርቤ!» ይላል ሰዉ በአንድ አፍ።

ደርቤ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ፣ እንደ ሙሽራ ተጀንኖ ይመጣል። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! «ይህ ወጪ ለማን በቅሎ ነው? መድኃኒቱን ማን ገዛው? ሲገዛ ማን ዐየ? ዳቦው ለምን ተወደደ? ጌሾውን ከአምባ ጊዮርጊስ አምጣ ያለህ ማነው?» ሃብተ ጊዮርጊስ ግንባሩን እያላበው አንድ በአንድ ይመልሳል። ቅር የሚለው ሰው የለም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ከዳባት ድረስ ለዚህ ሲል ይመጣል። በመጨረሻ ደርቤ ቅር እያለው «በቃ፣ አልጎደለም» ሲል እልልታው ይቀልጣል። ሃብተ ጊዮርጊስም ያን ጊዜ እፎይ ብሎ ጠላውን ይጨልጣል። ደርቤ ይህን ሲያወራ ዛሬም ዐይኑ እንባ ያቀርራል። የሚናፍቀው ጠላው አይደለም፤ ያ «አልጎደለም» የሚባልበት ሰዓት ነው።

ይህ ኩርፊያ ብዙ ዓመት ኖረ። ያፈረሰው ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ መልካም ነገር ነው። ሃብተ ጊዮርጊስ ልጅ አልነበረውም። እሱና ሚስቱ ስለት ተስለው፣ ጸበል ለጸበል ተንከራተው፣ በስተርጅና ወንድ ልጅ አገኙ። ስሙን ሰጠኝ አሉት። ልጁ ክርስትና ሊነሣ ሲል የንስሐ አባታቸው፣ «እግዚአብሔር ይህን ያህል ካደረገልህ አንተም ቂም ይዘህ አትቁም፤ የልጅህን የክርስትና አባት የተጣላኸውን ሰው አድርገው» አሉት። ሃብተ ጊዮርጊስ እምቢ አይልም ብያችኋለሁ። ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ደርቤ ደጅ ሄዶ ወደቀ። ደርቤም ምላሱን ረስቶ እየተንሰቀሰቀ አነሣው። ልጁን ክርስትና አነሣ፤ ሁለቱ አበልጅ ሆኑ።

ፍቅራቸው ከጠባቸው ባሰ። አንዱ ያለ አንዱ እህል አይቀምስም። በዚያው ዓመት ኅዳር ሚካኤል ሰይፈ ሥላሴ ቁሞ «ከገንዘብ ያዡ ጋር የተኮራረፈ ማነው?» ሲል ሰዉ ወደ ደርቤ አየ። ደርቤ ተነሣ።

«እኔ ከልጄ አባት ቁልፍ አልሸሽግም!» አለና ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ሃብተ ጊዮርጊስ አንገት ላይ አጠለቀው።

እልልታ ሆነ። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲላቀሱ ሴቶቹም አለቀሱ። ሰይፈ ሥላሴ ብቻ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ መታረቁስ እሰይ፤ ቁልፉን ግን ለሌላ አኩራፊ ስጡት!» ቢል ማን ይስማው። «አይ ሽማግሌው፣ ፍቅር አይወድም» አሉት። ሰይፈ ሥላሴም ብዙ አልቆየ፣ ዐረፈ። እሱን የተካው ሊቀ መንበር ቴዎፍሎስ ልጅ እግር ነበርና፣ «ጋሼ ሃብተ ጊዮርጊስን የመሰለ ታማኝ እያለ ቁልፍ ይዤ ብዞር ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ የሰይፈ ሥላሴንም ቁልፍ ለጊዜው ተብሎ እዚያው አስቀመጠ። ያ «ለጊዜው» ስንት ዓመት እንደ ኖረ አትጠይቁኝ።

ከዚያ ወዲያ ሣጥኑ ከጽዱ ሥር ይወጣል፣ ግን አይከፈትም። ሃብተ ጊዮርጊስ እጁን ጫን ያደርግበትና «በሰላም አለ» ይላል። ሰዉ ያጨበጭባል። ደርቤም ቁልፉን ቢሰጥም ተቆጣጣሪነቱ አልቀረምና «አልጎደለም» ይላል፤ ሳያይ። እንዴት ያለ ፍቅር ነው እየተባለ ጠላው ይጠጣል።

ከዚያ ክፉው ዘመን መጣ። መጀመሪያ በሽታው፣ ቀጥሎ ጦርነቱ፤ አገር ጎብኚ ከመንገዱ ጠፋ። ድንኳን የለመዱ በቅሎዎች ማገዶና ጭድ ተሸከሙ። ግን ማኅበሩ አለ፤ ሣጥኑም አለ። ሰው ሁሉ «ለክፉ ቀን ያስቀመጥናት አለችን» እያለ ይጽናናል።

ጎብኚው ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር፣ አምና በኅዳር መግቢያ፣ ገዱ የሚባል ወጣት ነጂ ከጨነቅ ሲመለስ ባለ ጭነቷን በቅሎ የማለዳ ውርጭ አዳለጣት። መጫኛውን ከእጁ ጠምጥሞት ነበር። በቅሎዬ ገደል ትገባለች ብሎ አልለቀቀም። በቅሎዋ ተረፈች፤ የእሱ ጭን ግን ተሰበረ። ጎንደር ሐኪም ቤት ሲያደርሱት ሐኪሞቹ «ብረት ይገባለት፤ ብረቱ ከውጭ ይገዛል። ከዘገየ አጥንቱ ተጣሞ ይይዛል» አሉ። ሚስቱ ታንጉት ሕፃን እንዳዘለች ወደ ደባርቅ ተመልሳ በቀጥታ ወደ ደርቤ ቤት መጣች። ተቆጣጣሪ ይባል የለ!

«አያ ደርቤ፣ እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ምን ሆነ?»

ነገረችው። ደርቤ መጫኛውን ወርውሮ ተነሣ። «አይዞሽ! ሣጥኑ ለመቼ ሊሆን ነው የተቀመጠው? ገዱ ሲያዋጣ የኖረው ለዛሬ አይደል? በለጠች! ለልጂቱ እህል ስጫት! እኔ አሁኑኑ ይዤ እመጣለሁ» አለና ዱላውን ይዞ ወጣ። ድምፁ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ተሰማ።

ሃብተ ጊዮርጊስ ከቤቱ ጓሮ ገብስ ያሰጣ ነበር። ደርቤ ነገሩን እየነገረው ሳለ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አበልጄ፣ ነገ ብንከፍተውስ?»

«ነገ? የሰው አጥንት ነገ ይላል እንዴ? ምን ነካህ?»

ሃብተ ጊዮርጊስ እጁን ከገብሱ አራገፈ። ወደ ጓዳ ገብቶ ሦስቱን ቁልፎች ካንድ ክር ላይ አወጣ፤ ሦስቱንም ጓጉንቸር ፈታ። ደርቤ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ከሣጥኑ ግርጌ ጥቂት የተጨማደዱ ብሮችና፣ ሲያርፍ ለመታሰቢያ የተቀመጠው የሰይፈ ሥላሴ መነጽር ተኝተዋል። ሌላ ነገር የለም።

«የት ሄደ?» አለ ደርቤ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ ተናገረ።

«በላኸው አትለኝም?»

«አንተን? አንተ እኮ የራስህን እህል እንኳ ለሰው ሰጥተህ ነው የምትበላ።»

«አልበላሁትም፤ ሰጠሁት። ያ ክፉ ዘመን ሲመጣ ሰዉ አንድ በአንድ ከደጄ ይቆማል። አንዱ ለዘር፣ አንዱ ለተዝካር፣ አንዱ ልጁ ታሞበት። ‹ጎብኚው ሲመለስ እመልሳለሁ› ይሉኛል። እምቢ ማለትን ከየት ላምጣ? አልጻፍሁም፤ የወንድምን ስም ባለ ዕዳ ብሎ መጻፍ ነውር ሆነብኝ።»

«ታዲያ መልሱ አትላቸውም?»

«አንተስ መቼ ክፈት አልኸኝ?»

ደርቤ የሣጥኑን ክዳን መልሶ ዘጋው። ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣውም አልመጣ አለው። ሃብተ ጊዮርጊስ መሬት መሬት እያየ ቀጠለ። «አበልጄ፣ ይህን ልነግርህ አልፈልግም ነበር። ያ ንፋስ ጣሪያህን የገነጠለው ጊዜ ለቆርቆሮ ብዬ የሰጠሁህ ብር ...»

«ወይፈን ሸጬ ነው ብለኸኝ አልነበረም?»

«የምን ወይፈን? ወይፈን ኑሮኝ ያውቃል?»

ደርቤ ያንን ቆርቆሮ በየገበያው ሲያመሰግን ነበር የኖረው። «አበልጅ ማለት እንዲህ ነው!» እያለ። ለካስ ከራሱ በላይ ያለው ጣሪያ የገዱ፣ የሁሉም ነጂ ላብ ነው። ዱላውን ተመርኩዞ ቀስ ብሎ ወጣ። ሃብተ ጊዮርጊስ ከኋላው፣ «ገብሱ እስኪወቃ ታገሠኝ፤ አንተው ብቻ ዝም በልልኝ» አለው።

ለታንጉት «ነገ ይሆናል» ብሎ ዋሻት። እሷ ስትሄድ ሁሉንም ለሚስቱ ለበለጠች አጫወታት። በለጠች አስተዋይ ሴት ናት፤ የዚያን ቀን ግን የተናገረችው ብዙዎቻችን የምንናገረውን ነው።

«እንግዲህ ዝም በል» አለችው። «ሌባ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ደግ ሰው አደባባይ ቁሞ ይዋረድ? ክርስትና ያነሣኸውን ልጅ ነገ የአደራ በላ ልጅ ይሉታል። ገመና ተሸፋፍኖ ነው የሚታደረው። ለታንጉት ከጎረቤት ጥቂት እናሰባስብላት።»

ደርቤ ሰማት። መስማት ስለ ፈለገ ነው የሰማት። ከጎረቤት የተሰበሰበው ለታንጉት የመኪና ቢሆን እንጂ ለብረቱ የሚደርስ አልሆነም። ቀኑ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እየተባለ አለፈ። ገዱ ጎንደር ተኝቶ ይጠብቃል።

ቅዳሜ ደርቤ ጨው ሊገዛ ገበያ ወጣ። ከብት ተራውን ሲያልፍ ዳማ በቅሎ ዐይቶ ቆመ። የገዱ በቅሎ ናት። ግልገል ሳለች መጫን ያስተማራት ራሱ ደርቤ ነበር። አንድ የማያውቀው ነጋዴ ልጓሟን ይዞ ወደ ሊማሊሞ አቅጣጫ ይጎትታታል። እሷ ግን አንገቷን ወደ ኋላ እየመለሰች አስቸገረችው። ታንጉት ከዳር ቁማ ባዶውን ኮርቻ ታቅፋለች።

«ምነው ልጄ፣ ትንሽ ብትታገሺ?»

«አጥንቱ አልታገሠማ፣ አያ ደርቤ።»

«በቅሎዋ እኮ እንጀራችሁ ናት።»

«አዎን፣ እንጀራችን ናት። በግማሽ ዋጋ ሸጥኋት፤ ቸግሮኝ እንደምሸጥ ዐውቀውብኛል።» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ገንዘቡ የለም አይደል?»

ደርቤ ዐይኑን ወደ በቅሎዋ መለሰ።

«ገባኝ። እኔ ማንም ይታሰር አላልሁም። ገዱ በረዶና ውርጭ እየመታው ሲያዋጣ የኖረው የት እንደ ሄደ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ እንጂ። ለአበልጅዎ ይሉኝታ ያዘዎት፤ እሺ፣ እሱስ ደግ ነው። ለእኛስ ይሉኝታ የለም?» ኮርቻውን ተሸክማ ሄደች።

ደርቤ ጨዉን ሳይገዛ ተመለሰ። ከደጁ ቁጭ ብሎ ያን አዲሱን ቆርቆሮ ቀና ብሎ ዐየው። ሰይፈ ሥላሴ ትዝ አለው። «ሣሩን አየሁና ገደሉን ሳላይ» አለ ለራሱ። እርቁ ክፉ አልነበረም፤ እርቁማ የእግዚአብሔር ሥራ ነው። ክፋቱ ቁልፉን ከፍቅሩ ጋር ጠቅልሎ መስጠቱ ነው። ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው የሚባለው ለዚህ ኑሯል። ለበለጠችም «የታረቅሁት ከሰውዬው ነው እንጂ ከሣጥኑ አይደለም!» ብሎ ጮኸባት። ጩኸቱ ሲመለስ በለጠች ደስም አላት፣ ፈራችም።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ከጽዱ ሥር ሰዉ ተሰበሰበ፤ ታንጉትም ከሴቶቹ ጀርባ ቁማለች። የዚያን ሳምንት ለገዱ ብረቱ በበቅሎዋ ዋጋ ገብቶለት ነበር፤ ግን ዘግይቷል። ቴዎፍሎስ አጭር ሪፖርት አሰማ። ሃብተ ጊዮርጊስ ሣጥኑ ላይ እጁን ጫነና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «በሰላም አለ» አለ። ሰው ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሣ፣

«ክፈተው!» አለ ደርቤ።

የተነሡት እጆች ወረዱ። ከዚያ ጉምጉምታው ተነሣ። «አበልጁ አይደል እንዴ?» «ኧረ ነውር ነው!» ቴዎፍሎስም «አያ ደርቤ፣ ጋሼ ሃብተ ጊዮርጊስን እንጠርጥረው ነው የሚሉን?» አለው።

«አልጠረጠርሁም፤ ክፈተው ነው ያልሁ። መጠየቅና መጠርጠር ለምን አንድ ሆነባችሁ? ሚዛን ላይ እህል ስታስቀምጡ ሻጩን ሰድባችሁ ነው እንዴ?» ወደ አበልጁ ዞረ። «እወድሃለሁ ወንድሜ። ክፈተው።»

ሃብተ ጊዮርጊስ ከፈተው። የፊተኞቹ ጎንበስ ብለው ዐዩ፤ «እግዚኦ!» አሉ። አንዱ «አደራ በላ!» ብሎ ሊጀምር ሲል ደርቤ ዱላውን አነሣ።

«አፍህን ያዝ! የመጀመሪያው በሊታ እኔ ነኝ። ቤቴ ላይ ያለውን ቆርቆሮ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከዚህ ሣጥን የወጣ ነው። ሳላውቅ ወሰድሁት፤ አለማወቄ ግን ስላልጠየቅሁ ነው። ነገ ነቅዬ እሸጠዋለሁ! አሁን ደግሞ ሌላው የወሰደውን ያውቃል፤ ይነሣ።»

«ኧረ ቆርቆሮው ይቅር፣ በጎቹን ሽጥ!» አለች በለጠች ከሴቶቹ መካከል፤ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሐል ሰው ፈገግ አለ።

የሚነሣ ግን ጠፋ። ያን ጊዜ ያ እምቢ ማለት የማያውቅ ሃብተ ጊዮርጊስ አፉን ከፈተ። እንባው ጺሙ ላይ ይወርዳል።

«እኔ ጥፋተኛ ነኝ፤ ፍረዱብኝ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ድሮ ሰው ‹አበድረኝ› ብሎ ሲመጣብኝ ‹ኧረ ደርቤ ይገድለኛል!› እለው ነበር። ሰውየውም ስቆ ይሄዳል፤ አይቀየመኝም። ደርቤ አጥሬ ነበር። ቁልፉን አንገቴ ላይ ያጠለቃችሁብኝ ቀን አጥሬን አፈረሳችሁብኝ። ከዚያ ወዲህ በምን ልመልሳቸው? በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ‹ዛሬ ክፈት ይሉኛል› እያልሁ እጸልይ ነበር። አጨበጨባችሁልኝ። እናንተ ያመናችሁኝ መስሏችኋል፤ ብቻዬን ነው የተዋችሁኝ።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሣ። «እኔም ለተዝካር ወስጃለሁ» አለ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አንዳንዱ ገንዘቡ የሃብተ ጊዮርጊስ መስሎት ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ እያወቀ ዝም ብሎ ነበር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ቴዎፍሎስም ኮፍያውን አውልቆ «ቁልፉን የተውሁት ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» ብሎ የራሱን ቁልፍ መልሶ ያዘ። መጀመሪያ የሚገባው ገንዘብ ለገዱ እንዲሆን፣ ለበቅሎዋም ምትክ እንዲገዛ፣ ሃብተ ጊዮርጊስም በገንዘብ ያዥነቱ እንዲቆይ ተስማሙ።

«ሦስተኛው ቁልፍስ?» አለ አንዱ።

ቴዎፍሎስ ከሣጥኑ ግርጌ የሰይፈ ሥላሴን መነጽር አንሥቶ ጥቂት ዐየው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ለዓመታት ያልተሰማውን ጥያቄ ጠየቀ።

«ከገንዘብ ያዡ ጋር የተኮራረፈ ማነው?»

ማንም አልመለሰም። ማን ይመልስ? ሁሉም ከሃብተ ጊዮርጊስ እጅ ብር በልቷል፤ የበላ አፍ እንዴት ይኮርፋል? ደርቤ ዙሪያውን ተመለከተና አንገቱን ደፋ።

«እኔ አለሁ።»

ታንጉት ነበረች። ሕፃኗን አዝላ፣ ሰዉን ሰንጥቃ ወደ ፊት መጣች። «ከጋሼ ሃብተ ጊዮርጊስ ጋር ተኮራርፌያለሁ። ከአያ ደርቤም፣ ከሁላችሁም ጋር ተኮራርፌያለሁ። ባሌ እግሩ አጥሮ ይቀራል ብለውኛል፤ ጨነቅን ዳግመኛ አያያትም። እኔ ቶሎ የምታረቅ እንዳይመስላችሁ!»

እዚያ የነበሩት ሲያወሩት፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ቁልፉን ሲሰጣት በሁለት እጁ ነበር፤ ጎንበስም ብሎላታል። እሷም ከማተቧ ጋር አሰረችው።

ወገኖቼ፣ እኛ አበሾች ይሉኝታ የሚሉት ነገር አለን፤ ጌጣችን ነው፣ ግን የማኅበር ገንዘብ አይጠብቅም። የታመነውን ሰው መጠየቅ እሱን ማዋረድ መስሎን ስንተወው፣ ያ ሰው ሌባ ከሆነ እንጠፋለን፤ ደግ ከሆነ ደግሞ እሱንም እናጠፋዋለን። በየማኅበራችሁ «በሰላም አለ» ሲባል ከማጨብጨባችሁ በፊት ክፈቱት በሉ። የምትወዱት ሰው ከያዘው ደግሞ ቀድማችሁ እናንተው በሉ።

ገዱ ዛሬ ያነክሳል። ጨነቅ መውጣት ቀርቶበት ደባርቅ ላይ ተራ አስከባሪ ሆኗል። ዳማዋ በቅሎ አልተመለሰችም፤ ነጋዴው ሊማሊሞን አሻግሮ የት እንዳደረሳት የሚያውቅ የለም። የተገዛችላቸው ሌላ ናት። ዘንድሮ ኅዳር ሚካኤል ታንጉት ከጽዱ ሥር ሣጥኑን ስታስከፍት ከዳባት ሳይቀር ሰው መጥቶ ነበር። የጠላውን ጌሾ ዋጋ ሳይቀር ጠየቀች። «አልጎደለም» ስትል ደርቤ ከሁሉ አስቀድሞ እልል ብሎ ሴቶቹን አሳፈራቸው። እሷ ግን እስካሁን ሃብተ ጊዮርጊስን ሰላም አትለውም፤ ወደ ፊት ሰላም ትበለው አትበለው የምታውቀው እሷ ናት።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለቱ አበልጃሞች አብረው ገበያ ወጥተው ነበር። አንድ ነጂ ሃብተ ጊዮርጊስን ጥግ አስይዞ፣ ትከሻውን እየዳበሰ፣ ከሣጥኑ ትንሽ እንዲያበድረው በጆሮው ለመነው። ሃብተ ጊዮርጊስ ከት ብሎ ሳቀና፣ ከብት ተራው ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣

«ኧረ ተወኝ ወንድሜ! ታንጉት ትገድለኛለች!» አለ።

ሰውየው ስቆ ሄደ። ደርቤ አበልጁን ክንዱን ያዘው፤ ከዚያ ከድሮው ዘመን ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት እምቢ ሲል ሰምቶት አያውቅም ነበር።